ያኩሺማን ለመጎብኘት፦ ከዝናቡ ጋር ተስማምቶ ደሴቷን መዞር

ያኩሺማ ውስጥ «በወር 35 ቀን ይዘንባል» የሚል አባባል አለ። ለቀልድ ነው። ቁጥሩን ስታዩት ግን ያን ያህል የተጋነነ አይደለም። አዲስ አበባ በዓመት 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። ያኩሺማ ባሕር ዳርቻዋ ላይ ከ4,000፣ ተራራዋ ላይ ደግሞ ከ8,000 ሚሊ ሜትር በላይ ይወርድባታል። ስድስት ሰባት ክረምት በአንድ ዓመት ውስጥ እንደማለት ነው።

ብዙ ሰው ወደዚህች የጃፓን ደሴት የሚሄደው ጆሞን ሱጊ የሚባል አንድ ያረጀ ዛፍ ለማየት ነው። ለዛፉ አንድ ቀን ይመድባል። ያ ቀን ዶፍ ይሆናል። ከዚያ ወይ እየበሰበሰ 10 ሰዓት ሙሉ ይጓዛል፣ ወይ ዛፉን ሳያይ በመጣበት ጀልባ ይመለሳል። ይህን የምጽፈው እናንተ ላይ እንዳይደርስ ነው። አንድ ነገር ብቻ ያዙልኝ፦ ቢያንስ ሦስት ሙሉ ቀን ይኑራችሁ፤ የትኛው ቀን ለምን እንደሚውል ግን ዝናቡ ይወስን።

ወራቱንና ዓመታቱን በፈረንጆቹ አቆጣጠር ጽፌአለሁ። ሰዓቱ ግን በኛ ነው። የአውቶቡስ ሰሌዳው ላይ 5:00 የሚለው የንጋቱ 11 ሰዓት መሆኑን አትርሱ።

መጀመሪያ ካርታውን እንወቅ

ያኩሺማ ከትልቋ የኪዩሹ ደሴት ደቡባዊ ጫፍ 60 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቃ ትገኛለች። የካጎሺማ ክፍለ ግዛት አካል ናት። ቅርጿ ክብ ነው ማለት ይቻላል። ስፋቷ 500 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ከአዲስ አበባ ትንሽ ታንሳለች። የሚኖርባት ሰው ግን 12,000 ገደማ ብቻ ነው።

ቦታው የት ሄደ ብትሉ፣ ተራራ ነው። ደሴቷ ከባሕር ውስጥ ብድግ ያለች አንድ ተራራ ናት ብትሉ አትሳሳቱም። ከ1,000 ሜትር በላይ የሚወጡ ከ40 የሚበልጡ ጫፎች አሏት። ከሁሉም የሚበልጠው ሚያኖኡራ ዳኬ 1,936 ሜትር ነው፤ ከኪዩሹ አካባቢ ሁሉ ቀዳሚው። ለኛ ሰው ይሄ ከአዲስ አበባ ዝቅ ያለ ከፍታ ነው፤ ስለ አየር እጥረት አታስቡ። አድካሚው ቁልቁለቱ፣ ደረጃውና ርጥበቱ ነው።

ዝናቡ የሚመጣው ከዚሁ ተራራ ነው። ኩሮሺዮ የሚባለው ሞቃት የውቅያኖስ ጅረት በደሴቷ አጠገብ ያልፋል። ከሱ ላይ የሚነሳው እርጥብ አየር ተራራው ላይ ሲጋጭ ወደ ላይ ይወጣል፣ ይቀዘቅዛል፣ ይዘንባል። ስለዚህ አንዱ መንደር በፀሐይ ሲጠበስ 20 ኪሎ ሜትር የማይርቀው ጫካ ውስጥ ዶፍ ሊወርድ ይችላል። በብርዱ ወቅት ደግሞ ታች ብርቱካን ይለቀማል፣ ላይ በረዶ ይከመራል። ከባሕር ዳር ሙቅ አገር ዕፅዋት እስከ ብርዳማው ጫፍ ድረስ ያለው የደን እርከን በአንዲት ትንሽ ደሴት ላይ ተደራርቦ ይታያል። ዩኔስኮ በ1993 የደሴቷን አንድ አምስተኛ ገደማ በዓለም ቅርስነት የመዘገበው በዚህና በጥንታዊ ዛፎቿ ምክንያት ነው።

ዛፎቹ ሱጊ ይባላሉ። ከኛ ጽድ ጋር የአንድ ቤተሰብ ናቸው። ድንጋዩ ግራናይት፣ አፈሩ ስስና ድሃ ስለሆነ እዚህ ሱጊ የሚያድገው በጣም ቀስ ብሎ ነው። ቀስ ብሎ ሲያድግ እንጨቱ ይጠብቃል፣ ሙጫው ይበዛል፣ በቀላሉ አይበሰብስም። ስለዚህ ዕድሜው ይረዝማል። ደሴተኞቹ «ያኩሱጊ» ብለው የሚጠሩት 1,000 ዓመት ያለፈውን ብቻ ነው። ከዚያ በታች ያለው «ኮሱጊ»፣ ማለትም ትንሹ ሱጊ ነው። 800 ዓመት ቆሞ ትንሹ መባል!

መንደሮቹ ሁሉ ባሕር ዳር ናቸው። 100 ኪሎ ሜትር ገደማ የሆነ አንድ መንገድ ደሴቷን ይዞራል። መሀሉን ሰንጥቆ የሚያልፍ የመኪና መንገድ የለም። ሰሜን ምሥራቅ ላይ ዋናው ወደብ ሚያኖኡራ፣ ምሥራቅ ላይ አንቦ፣ ደቡብ ላይ ኦኖአይዳ አሉ። እነዚህን ሦስት ስሞች ከያዛችሁ አትጠፉም።

መቼ ይሻላል?

ኤፕሪልና የሜይ አጋማሽ፣ ከዚያ ደግሞ ኦክቶበርና ኖቬምበር ምቹ ናቸው። ከሜይ መጨረሻ እስከ ጁላይ አጋማሽ ዋናው የዝናብ ወቅት ነው። ሆኖም የተራራው ሮዝና ነጭ ሮዶዴንድሮን የሚያብበውም፣ የባሕር ኤሊዎች እንቁላል ለመጣል የሚወጡትም ያኔ ነው። ኦገስትና ሴፕቴምበር አውሎ ነፋስ አለ፤ ጀልባ ይቆማል። ከኤፕሪል መጨረሻ እስከ ሜይ መጀመሪያ ያለው የጃፓኖች ተከታታይ በዓል ላይ ግን አትሂዱ። የጫካው መንገድ የመርካቶ መተላለፊያ ይሆናል።

እንዴት ይደረሳል?

ከአዲስ አበባ ለሚነሳ ሰው የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሴኡል በኩል ቶኪዮ ናሪታ ያደርሳል። ቪዛውን ቀደም ብላችሁ ከጃፓን ኤምባሲ ጨርሱ። ከቶኪዮ ወደ ካጎሺማ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው። ብዙዎቹ የአገር ውስጥ በረራዎች የሚነሱት ግን ከሌላው አየር ማረፊያ፣ ከሃኔዳ ነው። ሁለቱ የከተማዋ ሁለት ጫፍ ላይ ስለሆኑ መሀል ላይ ሰፊ ሰዓት ተዉ። በባቡር የሚሻላችሁ ከሆነ ሺንካንሰን የሚባለው ፈጣን ባቡር እስከ ካጎሺማ ይገባል።

ከካጎሺማ ሦስት ምርጫ አለ። ፈጣኑ ጀልባ ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ይፈጅበታል። ትልቁ መርከብ አራት ሰዓት ይወስዳል፤ ዋጋው ይቀንሳል፣ በረንዳው ላይ ቆሞ ማየትም ይቻላል። አውሮፕላኑ 40 ደቂቃ አይሞላም። እኔ ብሆን ስሄድ በትልቁ መርከብ ነው። ደሴቷ ከሩቅ እንደ ጥቁር ግድግዳ፣ አናቷ ላይ ደመና ተከምሮ ስትመጣ ማየት ዋጋ አለው። መንገድ ላይ በስተምሥራቅ የምትታየው ዝርግ ደሴት ታኔጋሺማ ናት፤ ጃፓን ሮኬት የምታስወነጭፍባት። ሁለቱ ጎረቤት ናቸው፣ መልካቸው ግን ሰማይና ምድር ነው።

መኪናና ማረፊያ

አውቶቡስ አለ። ከናጋታ ተነስቶ በሚያኖኡራና በአንቦ አድርጎ ደቡብ ምዕራብ እስካለው ኦኮ ፏፏቴ ይሄዳል። የምዕራቡን ክፍል ግን አይነካም፣ ቶሎ ቶሎም አይመጣም። ሁለት ሰው ከሆናችሁ መኪና ተከራዩ። ጃፓን ውስጥ በግራ ነው የሚነዳው።

መንጃ ፈቃድ ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ጃፓን የምትቀበለው በ1949 የጄኔቫ ስምምነት መሠረት የተሰጠ ዓለም አቀፍ ፈቃድ ነው። አሜሪካ የምትኖሩ ከመነሳታችሁ በፊት በቀላሉ ታወጣላችሁ። የጀርመንና የፈረንሳይ መንጃ ፈቃድ ያላችሁ ደግሞ የጃፓንኛ ትርጉም ነው የሚያስፈልጋችሁ። ሌላ አገር ካላችሁ ሰጪውን መሥሪያ ቤት የስምምነቱን ስም ጠርታችሁ ጠይቁ። «ዓለም አቀፍ» የሚል ስለተጻፈበት ብቻ አትመኑት።

ማረፊያ አንቦ ቢሆን እመርጣለሁ። ለትልቁ ዛፍ ጉዞ ንጋት ላይ መነሳት ስላለ ከዚያ ይቀርባል። ጥሬ ገንዘብ ያዙ። የውጭ አገር ካርድ የሚቀበል ማሽን ፖስታ ቤት ታገኛላችሁ።

ምን ይያዝ?

ጃንጥላ እርሱት። ከላይና ከታች የተለያየ፣ ጥራት ያለው የዝናብ ልብስ ያስፈልጋል። ባለ አንድ ወጥ ፕላስቲክ ከውስጥ በላብ ያረጥባችኋል። ጫማው ውኃ የማያስገባና ቁርጭምጭሚት የሚይዝ ይሁን። ጂንስ ሱሪ አታድርጉ፤ አንዴ ከራሰ አይደርቅም፣ ይከብዳል። ቅያሪ ልብስ በፕላስቲክ ቋጥሩ። የግንባር መብራትም አትርሱ። ይህን ሁሉ ከአገር ተሸክሞ መምጣት አያስፈልግም፤ ደሴቷ ላይ የሚያከራዩ ሱቆች አሉ።

አንድ ሌላ ነገር፦ ተጣጥፎ የሚያዝ የመጸዳጃ ከረጢት ይሸጣል። ግዙት። ጫካው ውስጥ ሽንት ቤት ጥቂት ነው። ከረጢቱን የምትጠቀሙባቸው ትንንሽ ክፍሎች አሉ፤ ከዚያ ይዞ መውረድ ነው። ያሳፍራል የሚል ይኖራል። የሰው ብዛት ሲታይ ግን ጫካው ንጹሕ የሆነው በዚህ ነው።

ጆሞን ሱጊ፦ ሙሉ ቀን የሚበላው

ይህን የአየር ትንበያው ከሁሉም ለሚሻለው ቀን አድርጉት። ደርሶ መልስ 22 ኪሎ ሜትር ነው፣ 10 ሰዓት ገደማ ይፈጃል።

ከዋዜማው ጀምሩ። ከማርች እስከ ኖቬምበር የግል መኪና መነሻው ድረስ አይገባም። አንቦ አጠገብ ካለው የያኩሱጊ ሙዚየም የሚነሳ የተራራ አውቶቡስ አለ። ትኬቱን ከአንድ ቀን በፊት ግዙ። ለተራራው ጥበቃ የሚሰበሰብ 1,000 የን መዋጮም አለ፤ በፈቃድ ነው፣ ግን ክፈሉ። ማታውኑ ምሳ እዘዙ። ለተጓዦች ተብሎ ገና ሳይነጋ የሚከፈቱ የምሳ ዕቃ ሱቆች አሉ፤ ሩዝ፣ ዓሣና ዕንቁላል በሳጥን አድርገው ይሰጣችኋል።

የመጀመሪያው አውቶቡስ ንጋት 11 ሰዓት ገደማ ነው። እሱን ያዙ። መነሻው አራካዋ 600 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ በድሮ የእንጨት መጫኛ ባቡር ሐዲድ ላይ ትሄዳላችሁ። ዝርግ ነው፣ አንዳንድ ድልድዮች ግን መከለያ የላቸውም። ከፍታ የሚፈራ ሰው መሀሉን እያየ ይራመድ።

ሐዲዱ ላይ ገና ሰዓት ሳይሞላችሁ ኮሱጊዳኒ የሚባል ባዶ ቦታ ታገኛላችሁ። እንጨት ቆራጮች ከ1923 ጀምሮ የኖሩበት መንደር ነበር። በ1960 ገደማ ከ500 በላይ ሰው ነበረው፤ ትምህርት ቤትም ጭምር። በ1970 ተዘጋ። አሁን መሠረቱና የትምህርት ቤቱ ግቢ ብቻ ቀርቷል። ደን ሰውን እንዴት እንደሚውጥ ለማየት ትንሽ ቆም በሉ።

ሐዲዱ ሲያልቅ ዳገቱ ይጀምራል። እዚህ ጋ ሽንት ቤት አለ፤ የመጨረሻው እሱ ነው። ሰዓታችሁንም እዩ። እዚህ ከጠዋቱ 4 ሰዓት በፊት ካልደረሳችሁ መመለስ ይሻላል። ዛፉ ጋ ደርሶ ለመመለስ መነሳት ያለባችሁም ቢዘገይ ቀን 7 ሰዓት ላይ ነው። የመጨረሻው አውቶቡስ ካመለጠ ጨለማ ውስጥ ናችሁ።

ከግማሽ ሰዓት ዳገት በኋላ የዊልሰን ጉቶ ይመጣል። በ1914 ወደ ደሴቷ በመጣው የዕፅዋት አሳሽ በኧርነስት ዊልሰን ስም የተጠራ ነው። ዙሪያው 14 ሜትር ሊሞላ ምንም አልቀረው። ዛፉ በ1586 ገደማ፣ በገዢው ሂዴዮሺ ዘመን ለኪዮቶ ቤተ መቅደስ ተቆረጠ ይባላል። ሆዱ ባዶ ነው፤ ውስጡ ትንሽ የጸሎት ቦታና የምንጭ ውኃ አለ። ወደ ቀኝ ጥግ ጠጋ ብላችሁ ቀና ስትሉ ክፍተቱ የልብ ቅርጽ ይሠራል። ሁሉም ሰው እዚያው ጥግ ስለሚሰለፍ ፎቷችሁን አንስታችሁ ቶሎ ልቀቁ።

ጆሞን ሱጊ 1,300 ሜትር ላይ ነው። ቁመቱ 25 ሜትር፣ የግንዱ ዙሪያ 16.4 ሜትር። ዕድሜው ላይ ግምቱ ይራራቃል፤ ከ2,170 እስከ 7,200 ዓመት ይሉታል። ውስጡ ባዶ ስለሆነ ቀለበቱን ቆጥሮ መጨረስ አይቻልም። በሰፊው የታወቀው በ1966 ነው። ሥሩ እንዳይረገጥ የምታዩት ከመወጣጫ ሰገነት ላይ ነው፤ መንካት የለም። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚህ ሁሉ እርምጃ በኋላ ከሩቅ ማየት ቅር የሚለው ሰው አለ።

ግን ዛፉን ስታዩ አንድ ነገር አስተውሉ። ጠማማ ነው፣ ጉብጉብ ያለ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የአካባቢው የሳትሱማ ግዛት ገዢዎች ከደሴቷ ግብር የሚቀበሉት በሩዝ ፋንታ በስስ የጣሪያ ሳንቃ ነበር። ለሳንቃ ቀጥ ያለ ግንድ ነው የሚፈለገው። ቀጥ ያሉት ተቆረጡ፤ እንዲህ ያሉት ለምንም አይሆኑም ተብለው ተተዉ። ዛሬ የምንዘምርላቸው ሽማግሌዎች በአብዛኛው እነዚያ የተናቁት ናቸው።

ሺራታኒ ኡንሱይክዮ፦ ለካፊያ ቀን

10 ሰዓት መራመድ የማይሆንላችሁ ከሆነ ወደዚህ ኑ። እንዲያውም ምርጫ ቢሰጠኝ ከትልቁ ዛፍ ይልቅ ይህንን እመርጣለሁ። ከሚያኖኡራ ግማሽ ሰዓት ገደማ ሽቅብ የሚነዳ ሸለቆ ነው። ድንጋዩ፣ ሥሩ፣ የወደቀው ግንድ ሁሉ በሞስ፣ ማለትም እንደ ምንጣፍ በሚበቅል ትንሽ አረንጓዴ ተክል፣ ተሸፍኗል። በደሴቷ ላይ 600 ገደማ የሞስ ዓይነት አለ ይባላል። ሞሱ የሚያምረው ሲረጥብ ስለሆነ ካፊያ እዚህ ጥቅም ነው።

አጭሩ መንገድ አንድ ሰዓት ይበቃዋል። ረጅሙ ታይኮ ኢዋ የሚባል ትልቅ አለት ድረስ ሲሆን ደርሶ መልስ አራት ሰዓት ነው። አለቱ ላይ ስትወጡ ጫካው ድንገት ይገለጥና መሀል ደሴቷ ያሉት ተራሮች ፊት ለፊት ይመጣሉ። ባሕር ዳር ሆናችሁ እነሱን ማየት አትችሉም፤ የፊቶቹ ተራሮች ይጋርዷቸዋል። ካፊያ ሳይሆን ዶፍ ከሆነ ግን አትግቡ። መንገዱ ጅረት ይሻገራል፤ ጅረቱ ደግሞ በደቂቃ ውስጥ ይሞላል።

ሽማግሌ ወይም ሕፃን ይዛችሁ ከሆነ ያኩሱጊ ላንድን ሞክሩ። ከ30 ደቂቃ ጀምሮ የተነጠፉ መንገዶች አሉት። ከዚያ 6 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ላይ ብትነዱ ደግሞ ኪገን ሱጊን ታገኛላችሁ። 3,000 ዓመት የሚገመት ዛፍ ነው፣ ከመኪና ወርዶ በሁለት ደቂቃ።

ዶፍ ሲሆን ደሴቷን ዙሩ

የዶፉ ቀን የፏፏቴ ቀን ነው። ከአንቦ ወደ ደቡብ ንዱ። ሴንፒሮ ፏፏቴ 60 ሜትር ገደማ ይወርዳል፤ ውኃው አጠገብ ያለው አንድ ወጥ የግራናይት ገጽ ግን ከፏፏቴው በላይ ያስደንቃል። ቶሮኪ ትንሽ ነው፣ ውኃው ግን ቀጥ ብሎ ባሕር ውስጥ ይገባል። ኦኮ 88 ሜትር ነው። ከዶፍ በኋላ አጠገቡ ስትቆሙ ጭጋጉ ብቻውን ያርሳችኋል።

በዚሁ ደቡባዊ ዳርቻ ነው ጣሊያናዊው ቄስ ጆቫኒ ባቲስታ ሲዶቲ በ1708 ሳሙራይ መስሎ ለብሶ የወረደው። ጃፓን ክርስትናን በከለከለችበት ዘመን ነበር። ወዲያው ተያዘ፣ ወደ ኤዶ (የዛሬዋ ቶኪዮ) ተወሰደ፣ እዚያው በእስር ሞተ።

ሂራኡቺ ላይ ባሕር ውስጥ ያለ ፍል ውኃ አለ። ፍልውኃ ለኛ ሰው አዲስ አይደለም፤ ይሄኛው ግን ማዕበሉ ሲሸሽ ብቻ ነው የሚወጣው። ባሕሩ ዝቅ ከሚልበት ሰዓት ሁለት ሰዓት በፊትና በኋላ ነው ጊዜው። የማዕበሉን ሰዓት ካረፋችሁበት ቤት ጠይቁ። ወንድና ሴት አብረው የሚታጠቡበት፣ መጋረጃ የሌለው ቦታ ነው። ካልተመቻችሁ እግር ነክሮ መቀመጥ ይበቃል።

ከኦኮ ቀጥሎ የምዕራቡ የደን መንገድ ይጀምራል። 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ በጣም ጠባብ። የዓለም ቅርሱ ደን እስከ ባሕር የሚወርደው እዚህ ነው። ዶፍ ላይ ድንጋይ ስለሚንከባለል ይህን ክፍል ዝናቡ ጋብ ሲል ሂዱበት። ዝንጀሮዎች አስፋልት ላይ ተቀምጠው ቅማል ይለቃቀማሉ፤ አጋዘኖች ከሥራቸው ቆመው ከዛፍ የሚጥሉላቸውን ቅጠል ይበላሉ። ሁለቱም ከዋናው ጃፓን ዘመዶቻቸው ያነሱ ናቸው። ድሮ «ሰው 20,000፣ አጋዘን 20,000፣ ዝንጀሮ 20,000» ይባል ነበር። ምግብ አትስጡ፣ ጥሩምባ አትንፉ፤ ይነሳሉ።

መንገዱ ናጋታ ላይ ሲወጣ ኢናካሃማ የሚባለውን ቢጫ አሸዋ ታያላችሁ። ከሜይ እስከ ጁላይ የባሕር ኤሊዎች በሌሊት እየወጡ እንቁላል ይጥሉበታል፤ ጫጩቶቹ ኦገስት አካባቢ ይፈለፈላሉ። በዚያ ወቅት ሲመሽ ብቻችሁን አሸዋው ላይ አትውረዱ። የመንደሩ ሰዎች ከሚመሩት ቡድን ጋር ግቡ፣ ስልካችሁን አጥፉ። መብራት ያየች ኤሊ ሳትጥል ልትመለስ ትችላለች።

ለጠንካሮቹ

ሚያኖኡራ ዳኬ ጫፍ መውጣት የሚፈልግ ከዮዶጋዋ መነሻ ይጀምር። መነሻው 1,370 ሜትር ላይ ስለሆነ ዳገቱ ልብ አይሰብርም፤ ርቀቱ ግን ደርሶ መልስ 16 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። መንገድ ላይ ሃናኖኤጎ የምትባል ረግረግ ሜዳ አለች። ተራራው ላይ ለማደር የተሠሩ ጎጆዎች ጠባቂም፣ ብርድ ልብስም፣ ምግብም የላቸውም። ሁሉን ተሸክሞ መሄድ ነው።

የምግብ ነገር

የሚበር ዓሣ፣ ክንፉን እንደዘረጋ ሙሉውን ተጠብሶ ይቀርባል። ክንፉም ይበላል። ማኬሬልም ጥሩ ነው። ታንካን የሚባለው ብርቱካን በፌብሩዋሪና ማርች ይደርሳል። ጾም ላይ ሆናችሁ ዓሣ የማትበሉ ከሆነ ግን ተጠንቀቁ፤ አትክልት ብቻ የሚመስለው ሾርባና ወጥ እንኳ ብዙ ጊዜ ዳሺ በሚባል የዓሣ መረቅ ነው የሚሠራው። ሩዝ፣ ቶፉና ፍራፍሬ ይዛችሁ ብትቀመጡ ይሻላል።

ስትመለሱ

የመመለሻ ጀልባና የቶኪዮ በረራ በአንድ ቀን አታድርጉ። ባሕሩ ሲያብጥ መጀመሪያ የሚቀረው ፈጣኑ ጀልባ ነው። ትልቁ መርከብ ትንሽ ይታገላል፣ እሱም አንዳንዴ ይቀራል። ትንበያው ላይ አውሎ ነፋስ ከታየ የቀራችሁን ቀን ትታችሁ ቀድማችሁ ውጡ። ካጎሺማ አንድ ሌሊት ብታድሩ፣ ከባሕሩ ማዶ ሳኩራጂማ እሳተ ገሞራ ሲጨስ እያያችሁ ቁርስ ትበላላችሁ።